ኦቲዝም፣ ኤዲኤችዲ ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው መኪና ይንዳ ወይስ አይንዳ?

ክር_ከፋች

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ሦስት ጥያቄዎች በየጊዜው ይነሱና መልሳቸው ተበታትኖ ይቀራል፤ አንድ ቦታ ብንሰበስበው ብዬ ነው የከፈትኩት።

አንደኛ፦ አሜሪካ የሚኖር፣ ኦቲዝም ያለበት የ19 ዓመት ወጣት "መንጃ ፈቃድ ላውጣ" ሲል ቤተሰቡ ከየት ይጀምር? ሁለተኛ፦ ስኪዞፍሬኒያ ወይም ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትና የሚወርድበት ሕመም) ያለበት፣ መድኃኒቱን እየወሰደ የተረጋጋ ሰው መንዳት ይችላል? ስንት ጊዜ ከተረጋጋ በኋላ? ሦስተኛ፦ እንጀራው መሪ ላይ የሆነ ሰውስ፣ የትራክ፣ የሚኒባስ፣ የታክሲ ሾፌር?

"ሐኪም ጠይቁ" ብቻ ብላችሁ እንዳትሄዱ። ሐኪሙ ምን እንደሚያይና ለምን እንደሚከለክል የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልን። የታማሚ ስምና የግል ታሪክ ግን አትጻፉ፤ ክሩን ማንም ያነበዋል።

---

ሲስተር_ሳይካትሪ

ሁለተኛውን ልያዘው። "ስኪዞፍሬኒያ አለበትና አይነዳም" የሚለውም "መድኃኒት እየወሰደ ነውና ይነዳል" የሚለውም ልክ አይደለም። የሕመሙ ስም አንድ ሆኖ ሰዎቹ በጣም ይለያያሉ፤ አንዱ ለዓመታት ድምፅ ሳይሰማ ሥራውን ይሠራል፣ ሌላው ከሆስፒታል የወጣው ባለፈው ሳምንት ነው። የምናየው ሕመሙ ዛሬ ያለበትን ደረጃ፣ መድኃኒቱ ሰውነቱ ላይ የሚያደርገውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲያገረሽበት ራሱ ያውቀው እንደሆነ ነው። ይህ የመጨረሻው ከሌለ የቀሩት ቢሟሉም እኔ አላምንበትም።

ሳይኮሲስ፣ ማለትም ሰው ከእውነታው የሚለይበት ሁኔታ፣ በተነሳበት ጊዜ መንዳት የለም። የሚሰማው ድምፅ ሐሳቡን ከመንገዱ ይነጥቀዋል፤ ከኋላው ያለውን መኪና "እየተከታተለኝ ነው" ብሎ ለማምለጥ ነዳጅ ይረግጣል፤ ሰሌዳ ቁጥሩ ወይም የትራፊክ መብራቱ ለእሱ ብቻ መልእክት ያለው ይመስለዋል። በማኒያ፣ ስሜቱ ከልክ በላይ በሚወጣበት ጊዜ ደግሞ እንቅልፍ የለም፣ አደጋ አይታየውም፣ እየደረበ ማለፍ ይወዳል። በከባድ ድባቴ ነገሩ ይገለበጣል፦ አእምሮ ይዘገያል፣ እግር ወደ ፍሬን እስኪሄድ ጊዜ ይፈጃል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ቁልፉ እሱ ጋ መቆየት የለበትም።

በቁጥር የተጻፈ መለኪያ ለሚፈልግ የእንግሊዝ መንጃ ፈቃድ ባለሥልጣን፣ ዲቪኤልኤ፣ መመሪያ ግልጽ ነው። ከሳይኮሲስ ወይም ከማኒያ በኋላ ለቤት መኪና 3 ወር ደህና ሆኖና ተረጋግቶ መቆየት ያስፈልጋል። ባይፖላር ኖሮበት በ12 ወር ውስጥ 4 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነሳበት 3ቱ ወር ወደ 6 ያድጋል። ግን ወሩን መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ ሕክምናውን በአግባቡ መከታተሉ፣ መድኃኒቱ ለመንዳት የሚያሰናክል ጉዳት እንዳላመጣበት፣ የስፔሻሊስቱም ሪፖርት ይታያል። ቀላል ጭንቀት ወይም ድባቴ ኖሮበት ትኩረቱና ማስታወሱ ያልተጎዳ ሰው ግን መንዳቱን ይቀጥላል፣ ማሳወቅም አይጠበቅበትም።

የመድኃኒቱን ጉዳት ሰው ሁሉ "እንቅልፍ" ብቻ አድርጎ ያስበዋል። ክሎርፕሮማዚንና ኦላንዛፒን በእርግጥ ያስተኛሉ። ሃሎፔሪዶልና ፍሉፌናዚን ግን ከእንቅልፍ ይልቅ ጡንቻ ያደርቃሉ፤ አንገቱ እንደልብ የማይዞር ሰው ስፖኪዮ የማያሳየውን ጎን ዞሮ ማየት አይችልም። አካቲዥያ የሚባለው ደግሞ አለ፣ እግር ቁጭ ብሎ አልቀመጥ የሚልበት፤ ቀኝ እግር ፔዳል ላይ ረግቶ አይቆይም። ለመድረቁ የሚታዘዘው አርቴን በተራው የቅርብ ነገር ያደበዝዛል፣ ዳሽቦርድ ማንበብ ያስቸግራል። ስለዚህ መድኃኒት ሲጀመር፣ መጠኑ ሲጨመር ወይም ሲቀየር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መሪ አለመያዝ ጥሩ ልማድ ነው። ከዚያ በክትትሉ ቀን "አንገቴ ይዞራል? እግሬ ይረጋል? ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ ነው ድብታው የሚለቀኝ?" ብሎ በቀጥታ መጠየቅ። ካልተጠየቀ ሐኪሙ መኪና እንደሚነዳ እንኳ ላያውቅ ይችላል።

---

ነባር_ሾፌር

ሲስተር፣ ሙያሽን አከብራለሁ፣ ግን በዚህ አልስማማም። የቤት መኪና ይሁን እሺ። የሕዝብ ማመላለሻ ግን አንዴ አእምሮው የታወከ ሰው እጅ መግባት የለበትም፣ ለዘላለም። ቁልቁለት ላይ ሙሉ ሰው የጫነ አውቶቡስ የያዘ ሾፌር አንድ ደቂቃ ከተሳሳተ የሚመልሰው የለም። "3 ወር ደህና ነበር" የሚለው ወረቀት ለተሳፋሪው ምን ይጠቅመዋል? ሾፌር በየቀኑ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ከረዳትና ከትራፊክ ጋር ተጨቃጭቆ ነው የሚውለው። ያልታመመውንም የሚያሳምም ሥራ ነው።

---

ሲስተር_ሳይካትሪ

ጋሼ፣ የሥራውን ክብደት በተመለከተ ያሉት ትክክል ነው። መመሪያውም ለሁለቱ አንድ መስፈርት አላወጣም፦ ለአውቶቡስና ለከባድ መኪና 3 ወር ሳይሆን 12 ወር ነው የሚጠይቀው። እንቅልፍ ማጣት ባይፖላርን በቀጥታ ይቀሰቅሳል፤ ስለዚህ የሌሊት ጉዞ ያለበት መስመር፣ ሰውየው ቢረጋጋም፣ ለእሱ የማይሆን ሥራ ሊሆን ይችላል። ይህን ለሰውየው ፊት ለፊት መናገር አለብን።

"ለዘላለም" የሚለው ላይ ግን አልከተልዎትም። አንዴ ክሊኒክ ከገባ እንጀራው እንደሚቀር የሚያውቅ ሾፌር ሕመሙን ይደብቃል። ማንም ሳያየው፣ መድኃኒት ሳይጀምር፣ ድምፅ እየሰማ ያንኑ አውቶቡስ ይነዳል። እርስዎ የፈሩት አደጋ የሚመጣው ከዚህኛው ነው። ለጊዜው አግዶ መመለሻውን መንገድ የሚያሳይ ሕግ ነው ሰውን ወደ ሕክምና የሚያመጣው።

---

ነባር_ሾፌር

12 ወር ከሆነና በየጊዜው የሚታይ ከሆነ እሰማለሁ። የሚቆጣጠረው ማነው የሚለው ግን አልተመለሰልኝም።

---

መሪ_አስተማሪ_ቨርጂኒያ

የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልውሰድ።

ኦቲዝም ብቻውን መንዳት አይከለክልም። እ.ኤ.አ. በ2021 ከፊላደልፊያ የሕጻናት ሆስፒታል የወጣ፣ የኒው ጀርሲን መዝገብ የተመለከተ ጥናት አዲስ ፈቃድ ያወጡ ኦቲስቲክ ወጣቶች የሚደርስባቸው ግጭት ከእኩዮቻቸው የማይበልጥ ሆኖ አግኝቶታል። ሕግም ብዙ አይጥሱም። አንድ ድክመት ግን ጎልቶ ወጣ፦ ግጭት ሲደርስባቸው ወደ ግራ በመታጠፍ ወይም ዞሮ በመመለስ ላይ የሚደርሰው ከሌላው ይበዛል። ልምምዱ መክበድ ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ሜሪላንድ ከ25 ዓመት በታች ለሆነ ተማሪ 60 ሰዓት ልምምድ ትጠይቃለች፣ 10ሩ በሌሊት። ቨርጂኒያ ከ18 በታች ለሆነው 45 ሰዓት፣ 15ቱ ፀሐይ ከገባ በኋላ። ይህ ትንሹ ነው፤ ለእነዚህ ተማሪዎች እጥፍ መድቡ። ግን አንዱን ልምምድ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ አታሳልፉት። ሁለት ሰዓት በአንድ ጊዜ ሲሆን ከመሃል በኋላ ያለው ድካም ብቻ ነው፣ ድካሙም ፊቱ ላይ ላይታይ ይችላል።

መሪ ከመያዙ በፊት ከጎን ተቀምጦ አፉን ያሠልጥን። እናንተ ትነዳላችሁ፣ እሱ የሚያየውንና ቀጥሎ የሚሆነውን ይናገራል፦ "አውቶቡስ ቆመ፤ ከፊቱ ሰው ሊሻገር ይችላል።" "የቆመው መኪና ውስጥ ሰው አለ፤ በር ሊከፍት ይችላል።" ብዙዎቹ ምልክትና መብራት በፍጥነት ያያሉ፤ የሰውን ሐሳብ ከእንቅስቃሴው መገመት ላይ ነው የሚዘገዩት። ጎን ወንበሩ ላይ ሳይናገሩት ያለፈው አደጋ መሪ ላይም ያልፋቸዋል። ጥቂት ሳምንት እንዲህ ሳይሠራ ወደ ዋና መንገድ አይውጣ።

ከዚያ ባዶ የመኪና ማቆሚያ፣ ቀጥሎ የሰፈር መንገድ በቀን፣ ቀጥሎ መብራት ያለው መንገድ። በእያንዳንዱ ደረጃ አንድ አዲስ ነገር ብቻ ጨምሩ። ዝናብና አዲስ መንገድ በአንድ ቀን አይሁኑ። ስህተቱን በዚያው ቅጽበት አትጩኹበት፤ ቆሞ በወረቀት ሥሉለት።

ወደ ግራ መታጠፍን በዓይን ግምት ሳይሆን በቆጠራ አስተምሩ። ከፊት ለሚመጣው ቅድሚያ ሰጥቶ ለመታጠፍ አንድ መኪና ወደ 5.5 ሰከንድ ክፍተት ይፈልጋል። በሰዓት 40 ማይል የሚመጣ መኪና በዚያ ጊዜ ወደ 100 ሜትር ይሄዳል። መንገዱ ዳር ላይ ቆማችሁ አንድ ምሰሶ ምረጡ፤ የሚመጣው መኪና ከምሰሶው እናንተ ጋ እስኪደርስ ይቁጠር። ምሰሶ እየቀየራችሁ ደጋግሙት፤ "ርቀት" የሚለው ነገር በዚህ መንገድ ነው ቁጥር የሚሆንለት። እስኪለምደው ደግሞ ግራ መታጠፊያ ቀስት መብራት ያለበትን መንገድ ምረጡ፣ ወይም ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ ዞሮ ይውጣ። ምንም ነውር የለበትም።

ሌላው ሕግን ቃል በቃል መያዛቸው ነው። መብራቱ ቀይ ሆኖ ፖሊስ በእጁ "እለፍ" ሲል፣ መንገድ ጥገና መስመሩን ሲያዛባ፣ ሌላ ሾፌር ተራውን ሲለቅለት ይቆማሉ ወይም ይደነግጣሉ። እነዚህን እንደ ሕግ አስተምሯቸው፦ "የፖሊስ እጅ ከመብራት ይበልጣል።" "ሾፌር እለፍ ቢልህም ሁሉንም መስመር ራስህ ሳታይ አትለፍ።"

የፖሊስ ማስቆም ለብቻው ይለማመዱት። መብራቱ፣ ድምፁና ጥያቄው በአንድ ጊዜ ሲመጣ ዓይን ለዓይን አለማየቱ ወይም ዝም ማለቱ እንደ እምቢታ ሊተረጎምበት ይችላል። ኮነቲከት እ.ኤ.አ. በ2020 የጀመረችው ሰማያዊ ፖስታ አለ፦ ውስጡ የመኪናው ወረቀቶች ይቀመጣሉ፣ ላዩ ላይ ሾፌሩ ኦቲስቲክ መሆኑና ፖሊሱ እንዴት ቢያናግረው እንደሚሻል ተጽፏል። ሌሎች ግዛቶችም ተከትለዋል። በእናንተ ግዛት ከሌለ ወረቀቱን ራሳችሁ አዘጋጁ፤ ግን ወደ ኪስ ወይም ወደ ሳጥን እጅ መስደድ እንደሌለበት፣ ሁለቱ እጆቹ መሪ ላይ ሆነው "ወረቀቱ እዚህ ነው፣ ላውጣው?" ማለትን ደጋግማችሁ አለማምዱ። ለጥቁር ወጣት ይህ ልምምድ ከፓርኪንግ ልምምድ በላይ ነው።

ስትጠራጠሩ የመንዳት ማገገሚያ ስፔሻሊስት የሚባል አለ፣ ብዙውን ጊዜ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነው። ቢሮ ውስጥ ዕይታ፣ ምላሽ፣ ትኩረት ይለካል፤ ከዚያ ሁለት ፍሬን ባለው መኪና መንገድ ላይ ያወጣዋል። ለእኛ ቋንቋ አንድ ምክር፦ ዲሲ የጽሑፍ ፈተናውን በአማርኛ ትሰጣለች፤ መንገድ ላይ ያለው ምልክት ግን እንግሊዝኛ ነው። ፈተናውን በየትኛውም ይውሰድ፣ ምልክቱን ግን በተጻፈበት ቋንቋ ይወቀው።

---

ፋርማሲ_ቤት

ኤዲኤችዲን፣ ትኩረት ማጣትንና መቸኮልን የሚያመጣውን፣ ማንም አልነካውም፤ በመንገድ አደጋ በኩል ከኦቲዝም የበለጠ የሚያሳስበው ግን እሱ ነው። ችግሩ ችሎታ አይደለም። መንዳቱን ያውቃል፤ ከ20 ደቂቃ ቀጥ ያለ መንገድ በኋላ ሐሳቡ ይሄዳል፣ ወይም ስልኩ ሲጮህ እጁ ይቀድመዋል። ስልክ ኋላ ወንበር ላይ፣ ሙዚቃው ከመነሳት በፊት ተመርጦ፣ ረጅም መንገድ በየሰዓቱ ተከፋፍሎ።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ኤዲኤችዲ ያለባቸውን ሰዎች መዝገብ ያየ ጥናት መድኃኒት በወሰዱባቸው ወራት የመኪና አደጋቸው ካልወሰዱባቸው ወራት በወንዶች 38 በመቶ፣ በሴቶች 42 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ እዚህ ላይ መድኃኒቱ ለመንዳት ይጠቅማል። ሰዓቱን ግን ቁጠሩ፦ ለኤዲኤችዲ ከሚታዘዙት አንዱ የሆነው ሜቲልፌኒዴት፣ አጭሩ 4 ሰዓት ያህል ነው የሚሠራው፣ ረጅሙ ከ10 እስከ 12። ጠዋት 1 ሰዓት አጭሩን የዋጠ ሰው እኩለ ቀን ላይ ያለ መድኃኒት ነው የሚነዳው። ማታ ከሥራ መልስ የሚነዳ ከሆነ ይህን ለሐኪሙ ይንገር።

ጠዋት ላይ ስለሚቆይ ድብታ ደግሞ፦ የእንቅልፍ መድኃኒቱን ዞልፒደም የአሜሪካው የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2013 ለሴቶች ከ10 ሚሊግራም ወደ 5 አውርዶታል፤ ምክንያቱም በብዙ ሴቶች ደም ውስጥ ጠዋትም መንዳትን የሚጎዳ መጠን ይቀራል። ለጭንቀት የሚሰጠው ዳያዜፓም ከዚህ ይብሳል፣ ለቀናት ይቆያል፣ በየቀኑ ሲወሰድ ይጠራቀማል። ለድባቴ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን አምሽቶ ከተዋጠ ድብታው እስከ ረፋድ ይሄዳል፤ ከመኝታ አንድ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መውሰድ ይሻላል። ለጉንፋን የሚሸጠው ክሎርፌኒራሚን ከእነዚህ በአንዱ ላይ ሲጨመር "ቀላል መድኃኒት" አይደለም። አልኮልማ ከማናቸውም ጋር አይሆንም።

አገር ቤት በተለይ የማየው ጾምና ጠበል ነው። ጾም ለያዘ ሰው በቀን አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ወደ ማታ ሊዞር ይችላል፤ መዝለል ግን አይቻልም። ለባይፖላር የሚታዘዘውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውኃ ሳይጠጣ በሙቀት ከዋለ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ይከማቻል፤ እጅ መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድና ምላስ መተሳሰር ከታየ መንዳቱ ቀርቶ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ነው። ጠበል ሄዶ መድኃኒት ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደህና መምሰሉ አያታልላችሁ። በተለይ በወር የሚወጋ ከሆነ መርፌው ገና ሰውነቱ ውስጥ ነው፤ ማገርሸቱ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመጣል። ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መያዝ ይቻላል።

ጫት ላይ አልደራደርም። እንቅልፍ ይከለክላል፣ ሳይኮሲስን ይቀሰቅሳል፣ ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ድብርቱና ድብታው መሪ ላይ ነው የሚመጣው። ባይፖላር ወይም ሳይኮሲስ ያለበት ሾፌር ከጫትና ከመሪ አንዱን ይምረጥ።

---

ትራክ_ዲኦቲ

ጋሼ "የሚቆጣጠረው ማነው" ላሉት፣ የአሜሪካን ልንገርዎት። ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያለው ሰው የጤና ካርዱ ቢበዛ ለ24 ወር ነው የሚሰጠው፤ መርማሪው ከፈለገ ለ12 ወር ወይም ከዚያ ላነሰ ይሰጣል። የፌዴራሉ ደንብ የትኛውንም የአእምሮ ሕመም በስሙ አያግድም፤ "በደህና መንዳትን ሊያሰናክል የሚችል" ነው የሚለው። ስለዚህ የሚወስነው መርማሪው እጅ የሚገባው ወረቀት ነው። ባዶ እጅህን አትሂድ። የሚከታተልህ ሐኪም መቼ እንደተነሳብህ፣ መቼ እንደተረጋጋህ፣ መድኃኒትህንና መጠኑን፣ የሚያስተኛህ እንዳልሆነ ይጻፍልህ። ኤምሲኤስኤ-5895 የሚባል የመድኃኒት ቅጽ አለ፤ መርማሪው ሳይጠይቅህ አስሞልተህ ብትወስድ ቀጠሮ ታድናለህ።

ለኤዲኤችዲ አደራል የሚወስድ ሰው የሽንት ምርመራው አምፌታሚን ያወጣል። መጀመሪያ የሚደውልልህ የሜዲካል ሪቪው ኦፊሰሩ፣ ውጤቱን የሚያጣራው ሐኪም ነው፤ ማዘዣህን አሳየው፣ ስልኩን አንሳ። ካላነሳህ ውጤቱ "ፖዘቲቭ" ሆኖ ሊሄድ ይችላል። ቅጹ ላይ መድኃኒት መደበቅ ግን ካርዱንም ሥራውንም ያሳጣል፤ አደጋ ከደረሰ ደግሞ ጠበቃው መጀመሪያ የሚያወጣው እሱን ነው።

በግል መኪና በኩል ሜሪላንድ ራስህ አሳውቅ ከሚሉት ናት፤ ባይፖላር፣ ስኪዞፍሬኒያና የፓኒክ ሕመም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ጉዳዩን የሐኪሞች አማካሪ ቦርድ ያየዋል። ማሳወቅ ማለት መነጠቅ ማለት አይደለም።

---

ለንደን_12

እዚህ እንግሊዝ ለዲቪኤልኤ ለማሳወቅ ለአእምሮ ሕመም ኤም1 የሚባለውን ቅጽ ነው የምትሞሉት። ማሳወቅ ያለበት ሳያሳውቅ ከነዳ ቅጣቱ እስከ 1,000 ፓውንድ ነው። ኦቲዝምና ኤዲኤችዲ የሚያሳውቁት መንዳታቸውን የሚነካ ከሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ "ኦቲዝም ያለበት ሁሉ ያሳውቅ" የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ነበር፣ ተቃውሞ ተነስቶ ተመልሷል፤ አሁንም የድሮውን የሚያስተላልፉ አሉ።

---

ሃይፋ

እስራኤል ውስጥ ሐኪሙ ራሱ ነው የማሳወቅ ግዴታ ያለበት፤ የትራፊክ ሕጉ አንቀጽ 12ለ ነው። ጉዳዩ ማርባድ ወደሚባለው የመንገድ ደኅንነት የሕክምና ተቋም ይሄዳል። ደብዳቤ ሲመጣ ወላጆች ዕብራይስጡን ስለማያነቡ ቀኑ ያልፋል። ደብዳቤውን ዛሬውኑ አስነብቡ፣ የተጠየቀውን የሐኪም ወረቀት በጊዜው ላኩ። ነርሷ ስለ መደበቅ ያለችው እዚህም አለ፤ ሐኪሙ ያሳውቃል ብሎ ምልክቱን የማይናገር ታማሚ ብዙ ነው።

---

እናት_ከባሕር_ዳር

የአእምሮ እድገት ውስንነት ስላለባቸውስ? ሰፈር ውስጥ "ባጃጅ ቀላል ነው፣ እሱን ይልመድ" የሚሉ አሉ።

---

መሪ_አስተማሪ_ቨርጂኒያ

እህቴ፣ ባጃጅ ቀላል አይደለም። ሦስት ጎማ ስለሆነ በጥምዝ ላይ ይገለበጣል፣ በር የለውም፣ ሕዝብ ይጭናል፣ ሒሳብ ይቀበላል፣ በየ100 ሜትሩ ይቆማል። ትኩረት የሚከፋፍለው ሁሉ አንድ ላይ ነው ያለው። ለጀማሪ የሚሆነው የመጨረሻው ነው።

ውስንነቱ ቀላል የሆነ ሰው ሊነዳ ይችላል፣ ከባድ የሆነበት አይችልም፤ መሃል ያለውን ግን ከመኪና በፊት በሌላ ነገር እዩት። ብቻውን ዋና መንገድ ይሻገራል? ከለመደው መንገድ ሲወጣ አቅጣጫ ያስተካክላል? ሳይክል እየነዳ ሲናገሩት መልስ እየሰጠ መንገዱን ያያል? የማያውቀው ሰው "ና እዚህ አድርሰኝ" ቢለው እምቢ ማለት ይችላል? የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ መኪና ያለው ሰው በሌሎች ይገፋፋል። እነዚህ ካልተሟሉ አሁን አይጀምር፤ ከዓመት በኋላ እንደገና ይታይ።

አገር ቤት አብዛኛው መኪና ማኑዋል መሆኑን አትርሱ። ፍሪሲዮን፣ ማርሽና መሪ በአንድ ጊዜ ማቀናጀት ለኦቲዝምም ለእድገት ውስንነትም ትልቁ ሸክም ነው። አውቶማቲክ ከተገኘ በእሱ ይማር። ኤዲኤችዲ ብቻ ላለበት ግን አንዳንዴ ይገለበጣል፤ በጥቂት ወጣቶች በሲሙሌተር (መንዳትን በሚያስመስል መሣሪያ) የተሠራ ትንሽ ጥናት ማኑዋል ትኩረታቸውን እንደያዘላቸው አሳይቷል።

---

ሲስተር_ሳይካትሪ

ቤተሰቦች በግል እየጻፋችሁልኝ ያለው ጥያቄ "ሲያገረሽበት ቁልፉን እንዴት እንውሰድ" የሚለው ነው። በታመመበት ቀን ትግል አይሆንም፤ ቁልፍ ነጥቆ መሮጥ አንዱን ያስጎዳል። ስምምነቱ ደህና በሆነበት ቀን ይጻፍ፣ ራሱ ይፈርምበት። ወረቀቱ ላይ የእሱ የራሱ የማገርሸት ምልክቶች ይኑሩ፤ የእያንዳንዱ ሰው ይለያያል። ለባይፖላር የተለመደው እንቅልፍ ነው፦ ለምሳሌ ሁለት ሌሊት ተከታትሎ ከ4 ሰዓት በታች ከተኛና ድካም ካልተሰማው። ለስኪዞፍሬኒያ ስልክ መጠራጠር፣ መጋረጃ መዝጋት፣ ምግብ መጠራጠር ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ማን ቁልፉን እንደሚረከብ በስም ይጻፍ፣ ሁለተኛውም ትርፍ ቁልፍ ጭምር። ቢቻል አብሮት የማይጨቃጨቅ ሰው ይሁን፤ ከአባት ይልቅ አጎት ወይም የነፍስ አባት የሚሰማበት ቤት ብዙ ነው። ቁልፉ መቼ እንደሚመለስም ይጻፍ፦ ሐኪሙ ሲያየውና መድኃኒቱ ሲስተካከል ብላችሁ። መመለሻው ያልተጻፈ ስምምነት ላይ ሁለተኛ ጊዜ አይፈርምላችሁም። በዚያ መሃል ሥራና ክሊኒክ የሚያደርሰው ሰው ወይም የትራንስፖርት ገንዘብ አስቀድሞ ይመደብ፤ የክትትል ቀኑ የሚዘለለው ብዙ ጊዜ መሄጃ ጠፍቶ ነው። ቅጂውን ለሚከታተለው ክሊኒክ ስጡ፣ ካርዱ ውስጥ እናስቀምጠዋለን።